ቋንቋ ፈጣሪዎች የሚዘሉት ገጽ

ጎንደር ውስጥ፣ ወይም ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ በሚያደርሰው መንገድ ላይ፣ የአዝማሪ ወሬ ከተነሳ አንዱ እንዲህ ማለቱ አይቀርም፤ «እነሱ እኮ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። ፊትህ ቆመው ቢያሙህ አንዲት ቃል አትለይም።» ሰሚው ይገረማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወሬው ይቀጥላል። በዚያ ቋንቋ «በ» ምን እንደሚባል የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ለ»ስ? «ከ»፣ «ወደ»፣ «እስከ»፣ «ስለ»ስ?

መልሱ ቀላል ነው። በአዝማሪ ቋንቋ «በ» ያው «በ» ነው፤ «ለ»ም ያው «ለ» ነው። የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪ የነበረው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የነጋዴዎችን፣ የአዝማሪዎችንና ዛር የሰፈረባቸውን ሰዎች የምስጢር አነጋገር እየለቀመ ጽፏል፤ በ1964 ደግሞ የአገራችንን የምስጢር አነጋገሮች ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ አወጣቸው። ነጋዴው ሌላ፣ አዝማሪው ሌላ፣ ባለ ዛሩ ሌላ ይሁን እንጂ የአሠራራቸው ዘዴ አንድ ነው። ስሙ ይለወጣል፤ ግሡ ይለወጣል፤ ቅጽሉም አንዳንዴ ይለወጣል። ከሥር ያለው ሰዋስው ግን ተናጋሪው የሚኖርበት ቋንቋ ሰዋስው ነው፤ የአዝማሪው የአማርኛ፣ የጉራጌው ነጋዴ የጉራጊኛ። መስተዋድዱና ቅጥያው ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

ጠቤ ከአዝማሪዎቹ ጋር አይደለም። እነሱ የሚፈልጉትን አውቀው ነው የሠሩት። ጠቤ «የራሳቸው ቋንቋ አላቸው» ከሚለው አድናቆት ሥር ከተቀመጠው ግምት ጋር ነው። ቋንቋ ማለት የቃል ክምር ነው፤ ክምሩን የለወጠ ቋንቋውን ለወጠ፤ በስሞቹና በግሦቹ መካከል የተሰገሰጉት ባለ አንድና ባለ ሁለት ፊደል ነገሮች ከማንም ተበድረው የሚገቡ መሙያዎች ናቸው፤ ግምቱ ይኸው ነው። ከመንደር ወሬ እስከ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት እስከ ልብ ወለድ ጸሐፊ ድረስ የሚሠራበት ግምት ነው። ስሕተትም ነው።

አዝማሪው «በ»ን ለምን አልነካም? አንድ ሠርግ ቤት ማሲንቆውን የያዘው ለጓደኛው «ከዚያ ጥግ ከተቀመጠው ሰውዬ ገንዘብ ተቀበል» ሊለው ፈለገ እንበል። መሸፈን ያለበት ሰውዬውና ገንዘቡ ነው። «ከ»ን ቢሸፍነው የሚደብቀው ምስጢር የለም። ደግሞም ልሸፍን ቢል ምላሱ እሺ አይለውም። ስምን መተካት ቀላል ነው፤ ስም ከአፍ የሚወጣው ታስቦበት ነው። «በ»ና «ለ» ግን ሳናስባቸው፣ በአንድ ትንፋሽ ሦስት አራት ጊዜ የሚወጡ ናቸው። ሞባይልና ቴሌግራም፣ ባጃጅና ኮንዶሚኒየም በእኛ ዕድሜ አማርኛ ገብተው ቤተኛ ሆኑ፤ በዚያው ዕድሜ አንድ አዲስ መስተዋድድ ገባ የሚል ካለ ይንገረኝ። የአዲስ አበባው የአራዳ ቋንቋም ከዚህ አያመልጥም። «ጀለስ፣ ጨላ የለኝም፤ ችስታ ነኝ» የሚል ልጅ ሦስት ቃል ከእናቱ ደብቋል። «የለኝም»ና «ነኝ» ግን የእናቱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 ደምሴ ተሾመ እና ላየነል ቤንደር ስለ አዲስ አበባ ወጣት ሴቶች የምስጢር አነጋገር ሲጽፉ ያሳዩት ደግሞ ሌላ መንገድ ነው፤ አዲስ ቃል ሳይፈጠር የነበረው ቃል ሥር ፊደሎቹ ይደጋገማሉ፣ በመካከል ድምፅ ይጨመርበታል፣ መልኩ ይጠፋል። ያም የአማርኛ ቃል በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መሆኑ አልቀረም።

ልጆች የሚጫወቱበት የወፍ ቋንቋ ብቻ ለጥቃቅኖቹ ቃላት አያዳላም። ከእያንዳንዱ አናባቢ በኋላ «ዝ»ን አስገብቶ አናባቢውን ይደግማል፤ «ከቤት» ሲባል «ከዘቤዜት»፣ «ወደ ዳባት» ሲባል «ወዘደዘ ዳዛባዛት» ይሆናል። «ከ»ም «ወደ»ም እንደ ስሙ ለበሱ። ግን ልብስ ነው፤ ሲወልቅ ያው አማርኛ ነው የሚገኘው። ልጆቹ ይህን ከብዙ አዋቂ የተሻለ ያውቁታል፤ «የወፍ ቋንቋ ትችላለህ?» ብለው ይጠይቃሉ እንጂ ቋንቋ ፈጠርን ብለው አይኮሩም።

ቋንቋ ፈጠርኩ ብሎ የሚኮራው ሌላው ነው። ለልብ ወለዱ፣ ለፊልሙ፣ ለኮምፒውተር ጨዋታው፣ አንዳንዱም ለሦስት ጓደኞቹ ብሎ አዲስ ቋንቋ የሚያዘጋጅ ወጣት ዛሬ በየከተማው አለ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ደብተሩን ግን ግለጡት። ፀሐይ፣ ጨረቃ፣ እሳት፣ ንጉሥ፣ ሰይፍ፣ ፍቅር፣ ሞት በሚያምሩ አዳዲስ ቃላት ተጽፈዋል። ግሦቹ ይከተላሉ። መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ልብ ሲደክም፣ ከስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተር በቀጥታ የተገለበጠ ዓምድ ይመጣል፤ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ቱ፣ ፍሮም፣ ዊዝ፣ ፎር። በእያንዳንዱ ትይዩ አንዳንድ አዲስ ቀለም ተቀምጧል፤ ለኢን «ሉ»፣ ለኦን «ሚ»፣ ለቱ «ና»። አለቀ። ቋንቋው ሙሉ ሆነ ተባለ።

ይህ ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ በአማርኛ የሚያስብ ልጅ ነው። ንጉሡን የሰሜን ተራራ ላይ አንግሦታል፤ ወታደሮቹን በገደል አፋፍ አሰልፏቸዋል። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የሚናገሩት እንግሊዝኛ ነው፤ ድምፁ የተለወጠ እንግሊዝኛ። ከአማርኛ ቢገለብጥ እንኳ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የሚሰማውን ገለበጠ ይባል ነበር። ሰው በቋንቋው ውስጥ ያለውን ትልቁን ሀብት ረግጦ አልፎ ከሩቅ የሰባት ቃል ሠንጠረዥ ሲለምን ማየት ያናድዳል።

ሀብቱ ምን እንደሆነ ለማየት ደባርቅ መቆም ይበቃል። እዚህ አገር መሬት ዝም ብሎ አልተዘረጋም። ከደባርቅ ወደ ጎንደር መሄድ መውረድ ነው፤ አዲ አርቃይ የሚሄድ ደግሞ በሊማሊሞ ገደል ከዚያ የባሰ ይወርዳል፤ ቡይት ራስና ሳንካበር ግን ይወጣል። «ሊማሊሞን ወረደ» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ያዙ። መስተዋድዷ የት አለ? የለችም። ሊማሊሞ «ን»ን ይዞ ተሳቢ ሆኖ ቆመ፤ አቅጣጫውን ግሡ ብቻውን ተሸከመው። «ደባርቅ ገባ»፣ «ወንዙን ተሻገረ»፣ «ደጋ ወጣ»፣ «ተራራውን ዞረ»፤ አንዳቸውም «ወደ» አላስፈለጋቸውም። እንግሊዝኛ በብዛት የሚሠራው አንዲት «ሄደ»ን ይዞ አፕ፣ ዳውን፣ ኢን፣ አውት፣ አክሮስ እያለ ከኋላዋ በመቀጠል ነው። አማርኛ መውጣትና መውረዱን፣ መግባትና መሻገሩን ግሡ ላይ ጨርሶታል። ስለዚህ አንድ ቋንቋ ስንት መስተዋድድ ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ ግሦቹ ምን ምን ይሸከማሉ ከሚለው ተለይቶ አይመለስም። ደብተሩ ግን ግሦቹን አራተኛው ገጽ ላይ ጨርሶ ሳይተዋወቁ መስተዋድዶቹን አርባኛው ላይ አስቀመጣቸው።

ሁለተኛው ነገር «ከ» ነው። «ጋቢው ከመደቡ ላይ ነው» እንላለን፤ «ጋቢውን ከመደቡ ላይ አነሳው»ም እንላለን። በመጀመሪያው የተነቃነቀ ነገር የለም፤ በሁለተኛው ጋቢው ከቦታው ተለይቷል። «ከ»ም «ላይ»ም በሁለቱ ውስጥ አንድ ናቸው። ለይቶ የነገረን «ነው»ና «አነሳው» ነው። አማርኛ አንባቢ በዚህ ተደናግሮ አያውቅም። በሠንጠረዡ ላይ «ከ»ን ፍሮም ብሎ ያሰፈረ ልጅ ግን የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በገዛ ቋንቋው መናገር አይችልም፤ ጋቢው ከመደቡ ሳይነሳ ተነሳበት።

«ላይ» ራሷስ ምንድን ናት? ሥር፣ ውስጥ፣ አጠገብ፣ ፊት፣ ኋላ፣ ጎን፣ ማዶ፣ ጥግ፣ ራስጌ፣ ግርጌ፣ አፋፍ፤ እነዚህ ሁሉ ቦታ የሚያሳዩ ቃላት አንድ እግራቸው ከስሙ መንደር ነው። «ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ ነው» ይባላል፤ ስም ካልሆኑ እንዴት ባለቤት ሆኑ? አማርኛ በአንድ በኩል ጥቂት እውነተኛ መስተዋድዶች አሉት፤ በ፣ ለ፣ ከ፣ ወደ፣ እስከ፣ ስለ፣ እንደ፣ ያለ። በሌላ በኩል ከስም የመጡ ቦታ አመልካቾች አሉት። ሁለቱ ስሙን ከፊትና ከኋላ ያዙት፤ «ከገደሉ ሥር»፣ «በቤቱ ውስጥ»፣ «እስከ ተራራው ራስጌ»። ራስጌ ከራስ፣ ግርጌ ከእግር መጡ፤ መጀመሪያ የተኛ ሰው ነበሩ፣ ቀጥሎ አልጋ ሆኑ፣ ኋላ ተራራ። አፋፍ አፍን ይዟል። ሰሜን ተራሮች ሥር ላደገ ሰው ከአፋፉ ወዲህ መሆንና ከአፋፉ ወዲያ መሆን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጀመሪያ ከሚማራቸው ቃላት መካከል ናቸው። ለገደል አገር ሰዎች ቋንቋ እፈጥራለሁ ብሎ ለኦን አንድ «ሚ»፣ ለአንደር አንድ «ቶ» ሰጥቶ ያለፈ ሰው ያንን አገር አላየውም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን «በ»ና «ለ» ግሥ ላይ ሲሰፍሩ የሚሠሩት ሥራ ነው። ዳባትና ወገራ የገብስ አገር ነው። ቡቃያው ውኃ ሲጠማው የወረደ ዝናብ ለገበሬው «ዘነበለት» ነው። ገብሱ ታጭዶ፣ አውድማ ላይ ተዘርግቶ፣ ሊወቃ ሲል የወረደው ግን «ዘነበበት» ነው። ደመናው ያው፣ ውኃው ያው፣ ሰውዬው ያው። ከፍርድ ቤት የሚመለስን ሰው ጎረቤቱ መንገድ ላይ ያገኘዋል፤

«እንዴት ሆነ፣ አያ?»

«ፈረዱብኝ።»

ዳኛው ምን እንዳለ፣ ማን እንደመሰከረ ኋላ ይወራል፤ ዋናው ነገር በአንዲት «ብ» ተነግሯል። «ፈረዱልኝ» ቢል ጎረቤቱ እልል ይል ነበር። መሰከረለት፣ መሰከረበት፤ ተናገረለት፣ ተናገረበት። «ላሚቱ ሞተችበት» ስንል ላም መሞቷን ብቻ አላወራንም፤ ጉዳቱ በማን ላይ እንደ ወደቀ ነገርን። ያቺው «በት» ደግሞ «የተኛበት አልጋ» ስንል ቦታ፣ «ያጨደበት ማጭድ» ስንል መሣሪያ ትሆናለች። ቦታ፣ መሣሪያና ጉዳት በአንዲት ፊደል ተጠለሉ፤ ማንም አይሳሳታቸውም። በሠንጠረዥ የሚሠራ ቋንቋ ይህን ከየት ያመጣል? «በ»ን አንዴ ኢን ካላት በኋላ ገበሬው ዝናቡ ውስጥ ገባ እንጂ ዝናቡ አልዘነበበትም።

ስሙን ትተን ግሥ ፊት ስናስቀምጣቸውም ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። «ስለ ልጁ» ማለት የልጁን ነገር በተመለከተ ነው፤ «ስለመጣ» ግን ምክንያት ነው። «ከደባርቅ» መነሻ ነው፤ «ከመጣ» ሁኔታ ነው። «እንደ አባቱ» ምሳሌ ነው፤ «እንደመጣ ተኛ» ጊዜ ነው። ይህንን ሁሉ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አልፈለሰፈውም፤ ለዚህም ነው መፈልሰፍ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊያጠናው የሚገባው።

እዚህ ላይ የሚቃወመኝ አለ፤ ሰው ያለ መስተዋድድም ይግባባል ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ደባርቅ በየቀኑ ይግባባል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ነው፤ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኗል። እንግዳው እዚያ ተመዝግቦ አስጎብኚ፣ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ይዞ ይወጣል። አስጎብኚዎቹ እንግሊዝኛውን አሳምረው ይናገሩታል። ስካውቱና ባለ በቅሎው ግን የመንገድ ቋንቋ አላቸው፤ «ቱዴይ ሳንካበር። ቱሞሮ ጊች። ሚዩል ጎ፣ ዩ ስሎው ስሎው።» ይበቃል። እንግዳው ይደርሳል፣ ይበላል፣ ጭላዳ ያያል። መስተዋድዱን እጅ ይተካዋል፤ ጣት ወደ ላይ፣ ጣት ወደ ማዶ፣ መዳፍ ወደ ታች። ሰሜን ላይ ደግሞ የሚጠቆም ነገር አይጠፋም።

ጣት የማይጠቁመው ነገር እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ። «መኒ ስካውት» ሲባል ገንዘቡ ለስካውቱ የሚሰጥ ነው ወይስ ከስካውቱ የሚወሰድ? ለስካውቱ ተብሎ ለሌላ ሰው የሚሰጥስ ቢሆን? «ዋልያ ጨነቅ» ሲባል ዋልያው ጨነቅ የሚባለው ቦታ አለ ነው፣ ከጨነቅ ወዲያ ነው፣ ከጨነቅ ጠፍቷል ነው? ቀን ላይ፣ ፊት ለፊት፣ ነገሩ ሲታይ ችግር የለም። ማታ ድንኳን ውስጥ፣ ስለ ትናንት፣ ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ገንዘብ ሲሆን ግን አስጎብኚው ይጠራል። የሚጠራው የጎደለ ስም ሊሞላ አይደለም። «ለ»ንና «ከ»ን ሊያመጣ ነው።

ውጭ አገር ቋንቋ የፈጠሩ ሰዎች ይህን ግድግዳ የገጩት ቀድመው ነው፤ የገጩበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። እንግሊዛዊው ጳጳስ ጆን ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1668 የፍልስፍና ቋንቋውን ባሳተመበት መጽሐፍ ውስጥ ለመስተዋድዶች ቦታ ሰጥቶ 36 አድርጎ በ18 ጥንድ አሰለፋቸው፤ የቦታዎቹንም በሥዕል አሳየ፤ ሞላላው ቅርጽ ለእንቅስቃሴ፣ አራት ማዕዘኑ ለመቆም፣ ክቡ ለሁለቱም የሚሆን። ቋንቋውን ዛሬ የሚናገረው የለም፤ ያ ሥዕል ግን ሥራውን የማያቃልል ሰው ሥራ ነው። ጀርመናዊው ቄስ ዮሐን ማርቲን ሽላየር ቮላፒክ የተባለ ቋንቋውን በ1879 እና በ1880 ሲያወጣ እግዚአብሔር በእንቅልፍ አልባ ሌሊት አዘዘኝ አለ። እግዚአብሔር የትኞቹን መስተዋድዶች እንዳዘዘው ግን አልነገረንም፤ ስሞቹን በአራት ሙያ የሚያረባ፣ ከጀርመንኛ ሽታ ያልራቀ ሥርዓት ነው የሠራው።

ዛሜንሆፍ የተሻለ ሐቀኛ ነበር። በ1887 ኤስፔራንቶን ሲያወጣ እያንዳንዱ መስተዋድድ የጠራ አንድ ትርጉም ይኑረው ብሎ ተነሳ፤ ከዚያ የትኛውም የማይገጥምበት ቦታ እንደሚኖር ገባውና «ዬ» የምትል፣ የተወሰነ ትርጉም የሌላት መስተዋድድ ፈጠረ፤ ሌላው ሲጠፋ የምትጠራ። ብዙ ሰው በዚህ ይስቅበታል። እኔ አልስቅም። በሥራው ሁሉ ውስጥ ሠንጠረዡ እንደማይበቃ ራሱ ያመነባት ነጥብ ናት። ደግሞም ኤስፔራንቶ ውስጥ መግባትን ከመቀመጥ የሚለየው መስተዋድዱ አይደለም፤ ስሙ ላይ የምትጨመር ተሳቢ አመልካች «ን» ናት፤ «ኤን ላ ዶሞ» በቤቱ ውስጥ፣ «ኤን ላ ዶሞን» ወደ ቤቱ ውስጥ። እኛ በግሥ የለየነውን እሱ በስሙ ጅራት ለየው።

ማርክ ኦክራንድ ለስታር ትሬክ ፊልሞች ክሊንጎንን ሠርቶ መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1985 ሲያሳትም ከእንግሊዝኛው መራቅ ዓላማው ስለነበር በዚህ ገጽ ላይ ደከመበት። መስተዋድድ በስሙ ፊት አላስቀመጠም፤ ቅጥያ አደረገው። «ዳቅ» የምትለው ቅጥያ በቦታው መሆንንም ወደ ቦታው መሄድንም ትይዛለች፤ ቦታን በውስጣቸው የያዙ አንዳንድ ግሦች ደግሞ አያስፈልጓቸውም፤ ስሙ ተሳቢ ሆኖ ይቆማል። «ሊማሊሞን ወረደ» ማለት ነው እኮ! የሆሊውድ ሰው ለሕዋ ጦረኞች የፈለሰፈው ሥርዓት ደባርቅ ላይ ማንም ሳይፈለስፈው ይነገራል፤ የእኛው ልጅ ግን ኢን፣ ኦን፣ አት ይላል። ሶንያ ላንግ በ2001 ያወጣችው ቶኪ ፖና ሲጀመር ወደ 120 ቃል ብቻ ነበረው፤ መስተዋድዶቹ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ያም ሆኖ ስንፍና የለበትም። «ታን» የምትለው ቃል መነሻም ምክንያትም ናት፤ እኛ «ከብርዱ የተነሳ ታመመ» ስንል መነሻውን ምክንያት እንዳደረግነው። ጥቂት መሆን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ጥቂቶቹን ሳያስቡባቸው መገልበጥ ነው።

ይህን ንቀት ማን አስተማረን? መጀመሪያ የምጠረጥረው ዘመናዊውን የክፍል ትምህርት ነው። መስተዋድድ ማለት «ለብቻው ትርጉም የማይሰጥ ቃል» እየተባለ ነው ያደግነው። ከስም፣ ከግሥና ከቅጽል በኋላ፣ ተርሙ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ «በቦታው ተገቢውን መስተዋድድ አስገባ» በሚል መልመጃ ይዘጋል። «ፈረደለት»ና «ፈረደበት» በአንዲት ፊደል ተለይተው ሳለ ትርጉም የላትም ማለት ምን ማለት ነው? የቋንቋ ሊቁ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተመው «የአማርኛ ሰዋስው» የቃል ክፍሎችን አምስት ሲያደርግ መስተዋድድን ከአምስቱ አንዱ አድርጎ አስቀምጦታል፤ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ክብር የአንደኛ ደረጃ ክፍል ድረስ አልወረደም።

የሚያስቆጨው ጎንደርና ጎጃም ለዘመናት ሌላ ባህል የነበራቸው መሆኑ ነው። የቅኔ ተማሪ ግሡንና ርባ ቅምሩን ሲያጠና ቆይቶ የሚጋፈጠው አገባብን ነው፤ ዐቢይ አገባብ፣ ንዑስ አገባብ፣ ደቂቅ አገባብ። የግዕዝ ጥቃቅን ቃላት ናቸው የሚጠኑት፤ እያንዳንዷ ስንት መንገድ እንዳላት፣ ከማን ጋር ስትሆን ምን እንደምትሆን ተለይቶ ይታወቃል፣ በቃል ይያዛል። «ደቂቅ» የተባለችውም ደቂቅ ተብላ አልተናቀችም፤ አንዲት አገባብ የሳተ ተማሪ ቅኔው ተበላሸ ይባላል። ያ ትምህርት ቋንቋን በቃል ክምር አልመዘነውም። ዘመናዊው ትምህርት ከዚያ ይልቅ የእንግሊዝኛውን ሠንጠረዥ መረጠ፤ የቋንቋ ፈጣሪው ደብተር የመጨረሻ ገጽም ከዚያው ሠንጠረዥ ተገለበጠ።

(የመሥሪያ ቤት አማርኛም ከዚህ በሽታ ነፃ አይደለም። ለአንድ የእንግሊዝኛ ስም አማርኛ አቻ ለማውጣት ኮሚቴ ይቀመጣል፤ በበሩ በኩል ግን የእንግሊዝኛው ጥቃቅን ቃል በአማርኛ ተተርጉሞ ማንም ሳይጠይቀው ይገባል። «በሰላም ዙሪያ ተወያዩ» ይላል ዜናው። ስለ ሰላም ቢወያዩ ኖሮ አንድ ቀን ይደርሱበት ነበር፤ ዙሪያውን ከሆነ እየዞሩ ነው።)

«ጨዋታ ነው፤ ለምን ታከብደዋለህ?» የሚለውን ተቃውሞ ከሁሉ አከብረዋለሁ። የወፍ ቋንቋ ጨዋታ ነው፣ ማንም አይወቅሰውም። የአዝማሪው የሥራ መሣሪያ ነው፣ ሥራውን ይሠራል። «የተራሮቹ ሕዝብ ጥንታዊ ቋንቋ ነው» ብሎ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የጻፈው ሰው ግን ጨዋታውን ራሱ ከፍ አድርጎታል፤ ከፍ ባደረገው ልክ ይለካ። እኔ የምጠይቀው መቶ መስተዋድድ እንዲፈጥር አይደለም። አንድም ላይኖረው ይችላል፤ ሁሉንም ግሡ ላይ ሊጭነው፣ ሁሉንም ከአካል ክፍል ስሞች ሊያወጣው፣ እንደ ዛሜንሆፍ አንዲት የሁሉ መጠጊያ ሊተው ይችላል። አስቦበት ይሁን ብቻ። ቢቻል ደግሞ ከስሞቹ በፊት ይጀምርበት፤ ስም ኋላ ሲፈለግ ይመጣል።

እንግዲህ አዲስ ቋንቋ አለኝ የሚል ይምጣ፤ ስለ ንጉሡና ስለ ዘንዶው አልጠይቀውም። እነዚህን ይበልልኝ፤ «ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ አደረ።» «ጋቢው ከመደቡ ላይ ነው፤ ከመደቡ ላይ አንሳው።» «ገብሱ አውድማ ላይ ሳለ ዘነበበት።» «ጎረቤቱ ቢመሰክርለትም ፈረዱበት።» «ስለ ልጁ ስላልጠየቀው ተቀየመበት።» አምስቱንም ከእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ሳይበደር ካለልኝ፣ ሰይፉንና ጨረቃውን የፈለገውን ስም ያውጣላቸው።